ላኪን መፍቀድና ማገድ፦ የኢሜይል መከላከያ ዝርዝሮች አያያዝ ደረጃ በደረጃ

«ላኪውን ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ኢሜይሉ ግን አሁንም ኳራንቲን ይገባል።» «አግጄዋለሁ፤ አሁንም ይመጣል።» የድርጅት ኢሜይል የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ይመጣል። (ኳራንቲን የተጠረጠረ ኢሜይል ተይዞ የሚቆይበት ቦታ ነው።) ጥያቄዎቹ ተቃራኒ ቢመስሉም ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ወይ ዝርዝሩ ላይ የጻፉት ስም ሥርዓቱ ከሚያየው ስም ጋር አይገናኝም፣ ወይ ኢሜይሉን የያዘው ማጣሪያ ዝርዝሩን ጨርሶ አይመለከትም።

ይህ መመሪያ ለአንድ ምርት ብቻ የተጻፈ አይደለም። የቁልፎቹ ስም ከሥርዓት ሥርዓት ቢለያይም ከጀርባ ያለው አሠራር ያው ነው። የተለየ ጠባይ ያላቸውን በየቦታው በስም እንጠቅሳለን።

የሚያስፈልጉዎት

- የኢሜይል መከላከያው የአድሚን መግቢያ፤ ቢያንስ ፖሊሲ ለመቀየርና ኳራንቲን ለማየት የሚያስችል
- የመልእክት መከታተያ ሎግ፤ የትኛው ማጣሪያ ምን እንደወሰነ የሚያሳየው
- ችግር የተፈጠረበት ኢሜይል ራሱ፣ ሙሉ ሄደሩን (ስለ ላኪውና ስለመጣበት መንገድ የሚናገሩትን ከአናቱ ያሉ መስመሮች) እንደያዘ። ስክሪንሾት አይጠቅምም፤ በፎርዋርድ የተላከ ቅጂም አይጠቅምም፤ ፎርዋርድ ሲደረግ የመጀመሪያው ሄደር ይጠፋል። ኢሜይሉ በፋይል መልክ ተቀምጦ ወይም እንደ አባሪ ተያይዞ ይላክልዎት
- ከድርጅትዎ ውጭ ያለ የመሞከሪያ ሳጥን፤ ቢቻል የራስዎ የሆነ ሁለተኛ ዶሜይን (ከ@ ምልክት በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል)
- የመዝገብ ሰንጠረዥ፤ ተራ ስፕሬድሺት ይበቃል

መጀመሪያ ይህ ይግባዎት፦ ፖስታውና ደብዳቤው

አንድ ኢሜይል ሁለት ላኪ አለው። አንደኛው ሰርቨር ከሰርቨር ሲነጋገር የሚጠራው ሲሆን በፖስታው ላይ እንደተጻፈ የላኪ አድራሻ ነው። መልእክቱ መድረስ ካልቻለ የሚመለሰው ወደዚህ አድራሻ ነው። ሄደሩ ውስጥ «ሪተርን-ፓዝ» በሚለው መስመር ያገኙታል። ሁለተኛው «ፍሮም» የሚለው መስመር ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ የተጻፈው፣ ተቀባዩም በስክሪኑ ላይ የሚያነበው። ሁለቱ አንድ ይሁኑ የሚል ግዴታ የለም። በጅምላ በሚላኩ ኢሜይሎች ላይማ አንድ አለመሆናቸው የተለመደ ነው። «ፍሮም» ላይ ዜና@ምሳሌ.ኮም ተብሎ፣ ፖስታው ላይ ግን ባውንስ-48213@መላኪያ.ምሳሌ.ኔት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩም በየመልእክቱ ይቀያየራል።

ሥርዓቶች የሚያዩት ላኪ ይለያያል። ፖስትፊክስ በሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የላኪ ሰንጠረዥ የሚያየው ፖስታውን ብቻ ነው። በማይክሮሶፍት 365 የጸረ-ስፓም ፖሊሲ ውስጥ ያሉት የተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝሮች ደግሞ የሚያዩት «ፍሮም»ን ብቻ ነው። ስፓምአሳሲን የሚባለው የስፓም ማጣሪያ ሁለቱንም ያያል። የእርስዎ ሥርዓት የትኛውን እንደሚያይ ሳያውቁ ዝርዝር መሙላት ቁልፉን ሳያዩ በር ለመክፈት እንደመታገል ነው።

ሦስቱ ማረጋገጫዎችም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ኤስፒኤፍ የሚጠይቀው «ይህ አይፒ (የላኪው ሰርቨር የኢንተርኔት ቁጥር) ፖስታው ላይ ባለው ዶሜይን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል?» ብሎ ነው። ዲኪም በመልእክቱ ላይ የተደረገውን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል። ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ማለፉን፣ ያለፈውም ዶሜይን ተቀባዩ ከሚያየው «ፍሮም» ጋር መገናኘቱን ያያል።

ደረጃ 1፦ ሄደሩን ያንብቡ

ዝርዝሩን ከመንካትዎ በፊት አራት ነገር ከሄደሩ ቀድተው ይያዙ፦ «ፍሮም»፣ «ሪተርን-ፓዝ»፣ የሦስቱን ማረጋገጫዎች ውጤት የያዘውን «ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ» የሚለውን መስመር፣ እንዲሁም ወደ እርስዎ ሰርቨር ያስረከበውን አይፒ። አይፒውን ከ«ሪሲቭድ» መስመሮች ያገኙታል። መስመሮቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ሲሆን አዲሱ ከላይ ነው። የራስዎ ሰርቨር የጻፈውን መስመር ብቻ ይመኑ፤ ከሱ በታች ያለውን ላኪው እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል።

ጊዜውንና «ሜሴጅ-አይዲ»ውንም (የመልእክቱን መለያ) ይመዝግቡ። ሎግ ውስጥ ሲፈልጉ ከርእሱ ይልቅ ሜሴጅ-አይዲ ያስተማምናል። ሎጉ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ስለሚጻፍ ሰዓቱን ቀይረው ይፈልጉ፤ «ሎግ ላይ የለም» ከሚባሉት መልእክቶች ብዙዎቹ ያሉት ሰዓቱ በተሳሳተበት ቦታ ነው።

ደረጃ 2፦ ማን እንደያዘው ይለዩ

የተፈቀደ ላኪ ማለት ሁሉም ማጣሪያ ያልፈዋል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሥርዓቶች የስፓም ነጥብን (መልእክቱ ስፓም ለመምሰሉ የሚሰጠውን ቁጥር) ብቻ ይተዉለታል፤ ቫይረስ፣ የተከለከለ የፋይል ዓይነት፣ በእርግጠኝነት ፊሽንግ (ማጭበርበሪያ) የተባለ መልእክት ግን ዝርዝሩ ላይ ቢኖርም ይያዛሉ። ማይክሮሶፍት 365 በተለይ በዚህ ጥብቅ ነው፤ ተጠቃሚው በራሱ አውትሉክ ውስጥ «የማምነው ላኪ» ብሎ ቢያስቀምጥም በእርግጠኝነት ፊሽንግ የተባለውን ኳራንቲን ያስገባዋል።

ስለዚህ ሎጉ ውስጥ ውሳኔውን ይፈልጉ፦

- የያዘው የስፓም ነጥብ ከሆነ ዝርዝሩ ሊረዳ ይችላል፤ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ።
- የያዘው የአባሪ ሕግ ወይም ቫይረስ ከሆነ ላኪውን መፍቀድ ምንም አይለውጥም። ፋይሉ በሌላ መንገድ ይላክ።
- ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም ወይም ዲማርክ ወድቆ ከሆነ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያለው ላኪው ዘንድ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ እዚያ ይስተካከል የሚል ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ለላኪው አይቲ ክፍል አንድ መልእክት ይጻፉ፤ የላከበትን አይፒ፣ ሰዓቱን ከነሰዓት ቀጣናው፣ የ«ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ» መስመሩን እንዳለ ይለጥፉበት። «ኢሜይላችሁ ስፓም ይገባል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ማንንም አይረዳም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት አዲስ የመላኪያ አገልግሎት ጀምረው ኤስፒኤፍ መዝገባቸው (በዶሜይናቸው ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ዝርዝር) ላይ አለመጨመራቸው ነው፤ ወይም መዝገቡ ከተፈቀደው 10 የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ማውጫ) ፍለጋ አልፎ ራሱ ስህተት መስጠቱ። መልእክቱ በመሃል በሌላ ሳጥን ተዛውሮ የመጣ ከሆነ ደግሞ አይፒው ስለተቀየረ ኤስፒኤፍ መውደቁ የሚጠበቅ ነው። ያኔ ዲኪም አልፎ እንደሆነ ይመልከቱ። የመወያያ ቡድን ሰርቨር ከመልእክቱ ግርጌ ጽሑፍ ከጨመረበት ግን ዲኪምም ይሰበራል።

ደረጃ 3፦ ጠባቡን መግቢያ ይምረጡ

መግቢያ የምንለው ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈውን እያንዳንዱን መስመር ነው። የሚፈቀደው ነገር እየሰፋ ሲሄድ አደጋውም አብሮ ይሰፋል። ከጠባቡ ወደ ሰፊው፦

1. ሙሉ አድራሻ፣ ማረጋገጫ ካለፈ ብቻ
2. ሙሉ ዶሜይን፣ ማረጋገጫ ካለፈ ብቻ
3. ዶሜይን ከተወሰነ አይፒ ጋር ተጣምሮ
4. አይፒ ብቻ
5. ዶሜይን ብቻ፣ ያለምንም ማረጋገጫ

አምስተኛውን አይጠቀሙበት። «ፍሮም» ላይ የፈለገውን ዶሜይን መጻፍ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ዶሜይኑን ያለማረጋገጫ ሲፈቅዱ የፈቀዱት ድርጅቱን ሳይሆን በስሙ የሚጽፈውን ሁሉ ነው። አጭበርባሪዎች ደግሞ ድርጅትዎ ከማን ጋር እንደሚሠራ ለመገመት ብዙ አይቸገሩም፤ ባንኩን፣ የመላኪያ ድርጅቱን፣ የሶፍትዌር አቅራቢውን አስቀድመው ያስባሉ።

አይፒ ብቻ ሲፈቅዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ አይፒው የማን ነው? የላኪው የራሱ ሰርቨር ከሆነ ያስኬዳል። የጅምላ መላኪያ አገልግሎት ከሆነ ግን በዚያው አይፒ የሚልኩትን የአገልግሎቱን ደንበኞች ሁሉ ፈቅደዋል ማለት ነው። ስፋቱንም ይቁጠሩ፤ 203.0.113.25/32 አንድ አድራሻ ሲሆን 203.0.113.0/24 ግን 256 አድራሻ ነው፤ ከጭረቱ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል። የማይክሮሶፍት 365 የአይፒ ዝርዝር ከ/24 የሰፋ አይቀበልም፤ ሌሎች ሥርዓቶች ግን /8 ቢጽፉም ዝም ብለው የሚቀበሉ አሉ።

ደረጃ 4፦ ማረጋገጫውን ያያይዙ

በጎግል ወርክስፔስ የተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር ሲሠሩ ከአድራሻው ጎን ላኪው መረጋገጥ አለበት የሚል ምርጫ አለ፤ እንዳያጠፉት። በስፓምአሳሲን ተራውን የ«ፍሮም» ትእዛዝ ትተው ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ሲያልፍ ብቻ የሚሠራውን፣ ስሙ በ«ኦዝ» የሚያልቀውን ይጠቀሙ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የተፈቀደ ላኪ በነባሪው ቅንብር 100 ነጥብ ይቀነስለታል፤ ስፓም የሚያሰኘው መነሻ ነጥብ ደግሞ 5 ነው። በሐሰት ስም የመጣ መልእክት ያንን 100 ነጥብ ካገኘ ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ ተደምረው እንኳ አይደርሱበትም።

ሥርዓትዎ እንዲህ ያለ ምርጫ ከሌለው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያለው ሕግ ይሥሩ፦ «ፍሮም» ዶሜይኑ ይህ ከሆነ እና «ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ» ዲማርክ አልፏል ካለ። የሚነበበው መስመር የራስዎ ሰርቨር ስም ያለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተመሳሳይ መስመር ላኪውም ጽፎ ሊልክ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሲያግዱ ምን እንደሚሆን ይወስኑ

ማገድ ሦስት መልክ አለው። በሩ ላይ መመለስ፣ ማለትም ሰርቨሩ በ550 ኮድ አልቀበልም ሲል፣ ላኪው መታገዱን ያውቃል፤ በስህተት የታገደ ሰው ስልክ ደውሎ ሊነግርዎት ይችላል። ኳራንቲን ማስገባት ለጥርጣሬ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ። ድምፅ ሳያሰሙ መጣል ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ላኪው የደረሰ ይመስለዋል፣ ተቀባዩ አልተላከም ይላል፣ ሎጉን የሚቆፍሩት እርስዎ ነዎት። በእርግጠኝነት ተንኮለኛ ለሆነ ምንጭ ካልሆነ አይጠቀሙበት።

አንድ ነገር ግን አይቀላቅሉ። መልእክቱን ከተቀበሉ በኋላ «አልተቀበልንም» የሚል ምላሽ መላክ በበር ላይ ከመመለስ የተለየ ነው። የስፓም ላኪ አድራሻ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ስለሆነ ምላሹ የሚደርሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው፤ የእርስዎም ሰርቨር የስፓም ላኪ ተብሎ ይመዘገባል።

ከማገድዎ በፊት «ፍሮም» ላይ ያለው ስም እውነተኛ መሆኑን ያጣሩ። የሥራ አጋርዎ ስም በሐሰት ተጽፎበት የመጣን መልእክት አይተው አጋሩን ቢያግዱ አጭበርባሪው ነገ በሌላ ስም ይመጣል፤ የታገደው አጋርዎ ነው። ማረጋገጫው ከወደቀ ማገድ ያለብዎት አይፒውን ወይም መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ ነው።

ደረጃ 6፦ ይመዝግቡ፣ ቀን ይቁረጡለት

እያንዳንዱ መግቢያ አምስት ነገር ይኑረው፦ የተጻፈው አድራሻ ወይም አይፒ፣ ምክንያቱ፣ የጠየቀው ክፍል፣ ያስገባው ሰው፣ የሚያበቃበት ቀን። ሥርዓቱ የማስታወሻ ቦታ ካለው እዚያው ይጻፉ፤ ከሌለው በሰንጠረዥዎ ላይ። ለምሳሌ፦

> ሂሳብ@ምሳሌ.ኮም፤ ዲኪም ካለፈ ብቻ። ምክንያት፦ ደረሰኞቹ የስፓም ነጥብ 6 እያገኙ ይያዛሉ። የጠየቀው፦ ፋይናንስ። ያበቃል፦ በ30 ቀን።

ቀኑ ለይስሙላ የሚጻፍ አይደለም። ድርጅቶች ዶሜይናቸውን ይተዋሉ፤ የተተወ ዶሜይን ደግሞ ማንም ገዝቶ ማረጋገጫዎቹን በሙሉ በትክክል ሊያዘጋጅለት ይችላል። ያኔ በደረጃ 4 ያያያዙት ጥንቃቄ ሁሉ ለአዲሱ ባለቤት ይሠራል። በማይክሮሶፍት 365 የተከራይ (ማለትም የድርጅትዎ) ፈቃድና እገዳ ዝርዝር ላይ ለዶሜይንና ለአድራሻ የሚሰጥ ፈቃድ በቀን ከተገደበ ከ30 ቀን አያልፍም፤ ወይም መጨረሻ ላይ ካገለገለበት 45 ቀን ቆይቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ያየዋል። ሌሎች ሥርዓቶች በራሳቸው ስለማያደርጉት እርስዎ በእጅ ያድርጉት።

ደረጃ 7፦ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ ያረጋግጡ

አንድ ላኪ በሁለቱም ዝርዝር ላይ ሲገኝ፣ ወይም ድርጅቱ አግዶት ሠራተኛው ሲፈቅደው፣ የትኛው ይጸናል? መልሱ ከሥርዓት ሥርዓት ይለያያል፤ መገመት አያዋጣም። ከመሞከሪያ ዶሜይንዎ አንድ አድራሻ በሁለቱም ላይ አስገብተው ይላኩና ሎጉን ይመልከቱ። ውጤቱን በሰንጠረዥዎ አናት ላይ ይጻፉት።

ደረጃ 8፦ ይሞክሩ

ለውጡ ወዲያው እንደሚሠራ አይጠብቁ። ጎግል ወርክስፔስ ላይ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ፖስትፊክስ ላይ ደግሞ በሃሽ መልክ የተያዘውን ሰንጠረዥ አርመው «ፖስትማፕ» የሚባለውን ትእዛዝ ካላስኬዱ ምንም አይለወጥም፤ ሰርቨሩ የሚያነበው እርስዎ ያረሙትን ጽሑፍ ሳይሆን ከሱ የሚሠራውን ፋይል ነው።

ሁለት ሙከራ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እውነተኛው ላኪ እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ መድረሱ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሕግ እንዳለፈ ሎጉ ላይ ይዩ። ያለ ዝርዝሩም ያልፍ ከነበረ መግቢያውን ያውጡት። ሁለተኛው የሚረሳው ነው፦ ሐሰተኛው መያዙን ማየት። የራስዎን ሁለተኛ ዶሜይን በተመሳሳይ ሁኔታ ለጊዜው ይፍቀዱና ኤስፒኤፍ መዝገቡ ከማያውቀው ሰርቨር ያለዲኪም ፊርማ ወደ ራስዎ ሳጥን ይላኩ። ከዝርዝሩ ፈቃድ ካገኘ ደረጃ 4 ላይ ስህተት አለ። ሲጨርሱ የመሞከሪያውን መግቢያ ያጥፉ።

ለስፓም ሙከራ የተዘጋጀውን «ጂቲዩብ» የተባለ ጽሑፍ ለዚህ አይጠቀሙ። ስፓምአሳሲን ለሱ 1000 ነጥብ ይሰጠዋል፤ የተፈቀደ ላኪ 100 ቢቀነስለትም 900 ይቀራል። ዝርዝሩ በትክክል እየሠራ የማይሠራ ያስመስልብዎታል።

ደረጃ 9፦ በየወሩ ያጽዱ

ቀኑ ያለፈውን ያውጡ። በሎጉ ላይ ለ90 ቀን አንድም ጊዜ ያልነካውን መግቢያ ያውጡ፤ ይህ ቁጥር የእኛ ልማድ ነው፣ እንደ ሥራዎ ያስተካክሉት። ጠያቂው ክፍል ሲጠየቅ የማያስታውሰውንም እንዲሁ። የታገዱት ዝርዝር ላይ ደግሞ ነጠላ የነጻ ኢሜይል አድራሻዎች ተከማችተው ከሆነ አይድከሙባቸው፤ ስፓም ላኪ አንድን አድራሻ ሁለት ጊዜ የሚጠቀመው አልፎ አልፎ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- የራስዎን ዶሜይን በጭራሽ አይፍቀዱ። «ከሥራ አስኪያጁ» የሚመጣ የሐሰት ትእዛዝ ሁሉ በዚያ በር ይገባል።
- እንደ ጂሜይል ያሉ የነጻ ኢሜይል ዶሜይኖችን በሙሉ አይፍቀዱ፤ በሙሉም አያግዱ። እነዚህ ላይ ማረጋገጫው ቢያልፍም የሚያረጋግጠው መልእክቱ ከጂሜይል መምጣቱን እንጂ የላከው ሰው ማንነትን አይደለም።
- ባዶ ላኪን አያግዱ። መልእክት ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣው ማሳወቂያ ፖስታው ላይ ላኪ የለውም፤ ይህን ካገዱ ሠራተኞችዎ ኢሜይላቸው አለመድረሱን አያውቁም።
- «ፖስትማስተር» የሚለውን አድራሻ ከእገዳው ነጻ ያድርጉት። በስህተት የታገደ ሰው የሚያመለክትበት ይኑረው።
- ፖስትፊክስ ላይ «ኦኬ» የሚል ውሳኔ ያለው ሰንጠረዥ የት እንደሚቀመጥ ይጠንቀቁ። ከ2.10 በፊት በነበሩት ስሪቶች፣ የተቀባይ ገደቦች ውስጥ ከማስተላለፍ ክልከላው በፊት ከገባ፣ ሰርቨሩ ላኪው ወደፈለገበት ሁሉ የሚያስተላልፍ ይሆናል። ከ2.10 ወዲህ ማስተላለፍ የራሱ ገደብ አለው፤ ከአሮጌ ሰርቨር የተቀዳ ቅንብር ግን ያንን ባዶ አድርጎት ሊመጣ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

የሚታየውን ስም መጻፍ። ዝርዝሩ የሚያውቀው አድራሻን እንጂ «የፋይናንስ ክፍል» የሚለውን ማሳያ ስም አይደለም። ከኢሜይል ፕሮግራም ሲገለብጡ ማእዘን ቅንፍና ባዶ ቦታ አብረው ይመጣሉ፤ ያጽዷቸው።

ሳብዶሜይንን መርሳት። ምሳሌ.ኮምን ማስገባት ዜና.ምሳሌ.ኮምን ይጨምራል? ፖስትፊክስ በነባሪው ይጨምራል፤ ሌሎች የኮከብ ምልክት ይጠይቃሉ። ይሞክሩት።

ሁሉም መልእክት ከአንድ አይፒ የመጣ ሲመስል። ከፊት ሌላ ጌትዌይ (ኢሜይሉ ቀድሞ የሚያልፍበት ሰርቨር) ካለ ሥርዓትዎ የሚያየው የጌትዌዩን አይፒ ነው። ኤስፒኤፍ በጅምላ ይወድቃል፤ የአይፒ ዝርዝሮችም ዋጋ ያጣሉ። መፍትሔው ያንን አይፒ የላኪ ዝርዝር ላይ መጨመር አይደለም፤ ሥርዓቱ ጌትዌዩን ዘልሎ ከኋላው ያለውን አይፒ እንዲያይ በታማኝ አስተላላፊነት ማስመዝገብ ነው።

ተመሳሳይ ፊደል። የተፈቀደው ላኪ አልሠራ ሲል አድራሻውን ፊደል በፊደል ያወዳድሩ። ከላቲን ፊደል ጋር ቁርጥ የሚመስል የሲሪሊክ ፊደል የገባበት ዶሜይን በጥሬው ሲታይ «ኤክስኤን» በሚል ቅድመ ቅጥያ ይጀምራል። ያኔ ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ላኪው ነው የተሳሳተው፤ ፈቃድ ሳይሆን እገዳ ይገባዋል።

ሠራተኛ መላክ ሲያቅተው። በማይክሮሶፍት 365 የተከራይ ዝርዝር ላይ ያገዱት አድራሻ ከውጭ እንዳይገባ ብቻ አይከለከልም፤ የእርስዎም ሰዎች ወደሱ መላክ አይችሉም። 5.7.703 የሚል ቁጥር ያለበት የመመለሻ መልእክት ከደረሳቸው የሰርቨር ብልሽት አይፈልጉ፤ ቀጥታ ወደ እገዳው ዝርዝር ሄደው መግቢያውን ያንሱት፣ ወይም እገዳው ከውጭ ለሚገባ ኢሜይል ብቻ እንዲሆን በሌላ ሕግ ይተኩት።